ስለ ጨረቃ ብርሃንና አራዊት ስለሚወጡበት ሰዓት

አዳኝ ወደ ዱር ከመውጣቱ አስቀድሞ ጨረቃን መመልከቱ በየአገሩ የቈየ ልማድ ነው። ገበሬም ማሽላው ሲያሽት፥ በቆሎው ሲደርስ፥ ከማማው ላይ ሆኖ ሌሊቱን የሚቈጥረው በጨረቃ ነው። ስለዚህ ነገር የሚነገረው ግን እውነቱና ወሬው የተደባለቀ ስለ ሆነ፥ ሰውንና ከብትን፥ አዝመራንም የማስጠበቅ ኃላፊነት ያለበት ሹም ሁሉ ሁለቱን ለይቶ ማወቅ ያስፈልገዋል። ጥበቃ ባልተገባ ሰዓት ሲቆም ድካሙ በከንቱ ይቀራል፤ አንዳንድ ጊዜም ጠባቂው ራሱ የአውሬ ሲሳይ ይሆናል።

ጨረቃ በአራዊት ላይ አላት የሚባለው ኃይል ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው፥ ጨረቃ በተወሰነ ሰዓት የአራዊትን ደም ታነሣሣለች፥ ለአዳኝም ቀኑን ትባርካለች ወይም ትረግማለች የሚለው ነው። ሁለተኛው፥ ጨረቃ ፋኖስ ናት የሚለው ነው፤ ይኸውም ስትኖር ይታያል፥ ሳትኖር አይታይም፤ አዳኙ አውሬም ታዳኙም በዚያው ልክ አካሄዱን ይለውጣል ማለት ነው። ለመጀመሪያው ጽኑ ማስረጃ አልተገኘለትም። ሁለተኛው ግን በብዙ አገር ተመርምሮ የተረጋገጠ ነው፤ ለአራዊት ሁሉ ግን እኩል አይደለም። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር ናቸው።

አስቀድሞ የጨረቃን አካሄድ ማስታወስ ይገባል። ጨረቃ ከአንድ ልደት እስከ ሌላው ልደት 29 ቀን ከ12 ሰዓት ከ44 ደቂቃ ያህል ትፈጃለች። በየቀኑም የምትወጣበት ሰዓት በአማካይ 50 ደቂቃ እየዘገየ ይሄዳል። አዲስ የተወለደችው ጨረቃ ፀሐይን ተከትላ በምዕራብ ትታያለች፥ ፈጥናም ትጠልቃለች። በ7ኛው ወይም በ8ኛው ሌሊት ግማሽዋ በርቶ፥ ጀምበር ስትጠልቅ ከራስ በላይ ትገኛለች፥ እኩለ ሌሊት ሲሆንም ትገባለች። በ15ኛው ሙሉ ሆና ፀሐይ በምዕራብ ስትጠልቅ እርሷ በምሥራቅ ትወጣለች፥ እስኪነጋም ታበራለች። ሰው የሚዘነጋው ከዚህ በኋላ ያለውን ነው። በ17ኛው ሌሊት የምትወጣው ከምሽቱ 2 ሰዓት ግድም፥ በ20ኛው ከሌሊቱ 4 ሰዓት ተኩል ግድም፥ በ22ኛው እኩለ ሌሊት ላይ ነው። ትናንት ሙሉ ጨረቃ ነበረች ብሎ ተማምኖ የሚመሽበት መንገደኛ እንግዲህ ጨለማ ውስጥ ይገባል።

ግማሽ ጨረቃ የሙሉዋን ግማሽ ብርሃን የምትሰጥ ይመስላል፤ ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። የምትሰጠው ከዐሥር አንድ እጅ ያህል ብቻ ነው። የጨረቃ ፊት ተራራና ጐድጓዳ የበዛበት ስለ ሆነ፥ ፀሐይ ከጐን ስትመታው በጥላ ይሸፈናልና ነው። ስለዚህ በእውነት ብሩህ የሚባሉት ሌሊቶች ከሙሉ ጨረቃ በፊትና በኋላ ያሉት ጥቂት ቀኖች ብቻ ናቸው።

ባሕረ ሐሳብ የተማረ ሰው የዓመቱን አበቅቴ ከሕጸጽና ከወሩ ቀን ጋራ ደምሮ የጨረቃን ሌሊት ማውጣት ይችላል። ሒሳቡ በዓላትንና አጽዋማትን ለማውጣት የተሠራ ነው፥ ለዚያም ያገለግላል። ነገር ግን በየሦስት መቶ ዓመቱ በአንድ ቀን ያህል ከሰማዩ ጨረቃ እየተለየ ስለ መጣ፥ ዛሬ በዐይን ከሚታየው በአራት ወይም በአምስት ቀን ያህል ወደ ኋላ ይቀራል። ለበዓል የሚበቃው ለማማ ጠባቂ አይበቃውም። ጠባቂው ቀና ብሎ ሰማይን ይይ፤ ጨረቃ በምዕራብ እንደ ቀጭን ማጭድ ከታየችበት ምሽት ጀምሮም ሌሊቱን በጣቱ ይቍጠር።

አሁን ወደ አዳኞች ነገር እንመለስ። ስለ ጨረቃና ስለ አደን ብዙ ክርክር የተነሣው በሰሜን አሜሪካ፥ በተለይም ሮኪ በሚባሉት ተራሮች ኤልክን በሚያድኑት ሰዎች ዘንድ ነው። ኤልክ ወይም ዋፒቲ የሚባለው እንስሳ አጋዘን መሳይ ሆኖ፥ ወንዱ ከ300 ኪሎ በላይ የሚመዝን ነው። ከኢትዮጵያ አጋዘን የሚለየው ቅርንጫፍ ያለውን ቀንዱን በየዓመቱ ጥሎ ሌላ ስለሚያበቅል ነው፤ የኢትዮጵያው አጋዘን ግን ቀንዱን አይጥልም። በመስከረም ወር ኤልክ የሚጠቃበት ወራት ነውና፥ ወንዱ እንደ ዋሽንት ጀምሮ በጓጕርታ የሚፈጸም ድምፅ እያሰማ እንስቶቹን ይሰበስባል፤ አዳኞቹም በድምፁ ይከተሉታል።

እነዚህ አዳኞች የሚሉት እንዲህ ነው። ጨረቃ ስትሞላ ኤልክ ሌሊቱን ሙሉ በብርሃን ሲግጥ ያድራል፤ ሲነጋም ጠግቦ ወደ ጥቅጥቅ ደን ገብቶ ይተኛል፤ ስለዚህ በሙሉ ጨረቃ ሳምንት የወጣ አዳኝ ባዶ እጁን ይመለሳል። በዚያ አገር የአደን ሕግ በብዙ ግዛቶች፥ በኮሎራዶም፥ ኤልክን መተኰስ የተፈቀደው ፀሐይ ከመውጣቷ ግማሽ ሰዓት አስቀድሞ ጀምሮ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ እስከ ግማሽ ሰዓት ድረስ ብቻ ስለ ሆነ፥ አውሬው ሌሊት ከጠገበ ለአዳኙ የሚቀርለት የለም ማለታቸው ነው። ከዚህም አልፎ ጆን አልደን ናይት የተባለ አሜሪካዊ ከ1926 ጀምሮ በፀሐይና በጨረቃ አቋም ላይ ተመሥርቶ አራዊትና ዓሣ የሚንቀሳቀሱበትን ሰዓት የሚነግር ሰንጠረዥ አዘጋጀ፤ በ1936ም ማሳተም ጀመረ። ሰንጠረዡ ብዙ ገዢ አገኘ። ብዙ ገዢ ማግኘት ግን እውነት መሆን አይደለም።

ነገሩን መርማሪዎች ሊፈትኑት የቻሉት ከሳተላይት ምልክት እየተቀበለ የቆመበትን ቦታ የሚመዘግብ የአንገት ማሰሪያ ከተገኘ በኋላ ነው። ጅራተ ነጭ በሚባለው በአሜሪካ አጋዘን ላይ ይህ ማሰሪያ ታስሮ አካሄዱ ሌሊትና ቀን ሲቈጠር፥ በአመዛኙ የተገኘው ነገር አንድ ነው፤ ጨረቃ ብትሞላም ብትጐድልም እንስሳው በብዛት የሚንቀሳቀሰው ጎህ ሲቀድና ዓይን ሲይዝ ነው። ጨረቃ ይህን ልማድ አትሽረውም። ኤልክም በዚህ ይመስለዋል። የሚያመሰኳ እንስሳ በመሆኑ አንድ ጊዜ ጠግቦ ቀኑን ሙሉ መተኛት አይችልም፤ ግጦ ያመሰኳል፥ አመስኵቶ እንደገና ይግጣል፤ ሌሊቱን በጨረቃ ቢግጥም ማለዳ መነሣቱ አይቀርም።

የኤልክን አካሄድ ከጨረቃ ይልቅ የሚገዙት ሌሎች ነገሮች ናቸው። ሙቀት ሲበረታ በጥላ ይውላል፤ በረዶ ሲከብድ ከተራራው ወደ ቈላው ይወርዳል። ከሁሉ ይልቅ ደግሞ የሚገዛው የአዳኙ ብዛት ነው። የጠመንጃ አደን በተከፈተ በጥቂት ቀን ውስጥ ኤልኮች ማደን ወደ ተከለከለበት መሬት ሲሸሹ ታይተዋል። እንግዲህ በሙሉ ጨረቃ ሳምንት ባዶ እጁን የተመለሰ ሰው ጨረቃን ከመውቀሱ በፊት ከእርሱ አስቀድመው ስንት ሰዎች በዚያ ደን እንዳለፉ ቢጠይቅ ይሻለዋል።

በኢትዮጵያ በቁመትም በክብርም ለኤልክ ሊነጻጸር የሚችለው በባሌና በአርሲ ተራሮች የሚኖረው የደጋ አጋዘን ነው፤ እርሱም ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር አይገኝም። ቍጥሩ ጥቂት በመሆኑ ያለ መንግሥት ፈቃድ ማደን ክልክል ነው። ዓፄ ምኒልክ በ1909 ስለ አደን፥ ይልቁንም ስለ ዝሆን፥ ሥርዓት ካወጡ ጀምሮ ያለ ፈቃድ ማደን በሕግ እየተገታ መጥቷል። ስለዚህ ለአገር አስተዳዳሪ የጨረቃ ዕውቀት የሚጠቅመው ለማደን ከሚሆነው ይልቅ ለመጠበቅ በሚሆነው ነው፤ ጨረቃ እውነተኛ ኃይሏን የምታሳየውም በዚህ በኩል ነው።

የጥበቃን ነገር ለመቁረጥ የትኛው አውሬ በቀን፥ የትኛው በሌሊት እንደሚሠራ መለየት ይገባል። ዝንጀሮና ጦጣ የቀን ናቸው፤ ዝንጀሮ ሲመሽ ወደ ገደሉ ይገባል። ከርከሮም ሌሊቱን በጕድጓድ ተኝቶ ያድራል። ለእነዚህ ጨረቃ ብትኖር ባትኖር ለውጥ የለውም፤ ጠባቂው በቀን ይቁም፥ ሌሊት ይተኛ። ጃርትና የዱር አሳማ ግን የሌሊት ናቸው። ጃርት በጨረቃ ላይ ያለው ጥንቃቄ በኢጣልያና በእስራኤል አገር በኔጌቭ በረሃ ተመርምሯል፤ በብሩህ ሌሊት ከጕድጓዱ መውጣቱን ይቀንሳል፥ ቢወጣም ገላጣውን ትቶ በቍጥቋጦ ሥር ይሄዳል። በኢጣልያ የተመረመረው ጃርት በኢትዮጵያም ያለው ዓይነት ነው። እንግዲህ ድንች ወይም በቆሎ ያለው ገበሬ በ14ኛውና በ15ኛው ሌሊት ዐይኑን ሳይከድን አድሮ፥ ደክሞት በ19ኛው ቢተኛ፥ የደከመው ለጃርቱ ነው።

ከዚህ ሁሉ የከበደው የአንበሳ ነገር ነው፤ ስለ እርሱም ከታንዛንያ የተገኘው ዕውቀት በማናቸውም ወረዳ ሊታወቅ የሚገባው ነው። በዚያ አገር ከ1990 እስከ 2004 ባለው ጊዜ ውስጥ አንበሶች 563 ሰዎችን ገደሉ፥ 308 ሰዎችን አቈሰሉ። ክሬግ ፓከር የተባለ ሊቅ ከታንዛንያ ባልንጀሮቹ ጋራ ሆኖ መዝገቡን ሲመረምር ያገኘው የመጀመሪያው ነገር የአሳማ ነገር ነው። ሰውን የሚበላ አንበሳ የበዛው የዱር አሳማ በበዛበት፥ ሌላ የሚታደን እንስሳ ባነሰበት ወረዳ ነበር። አንበሳው አሳማውን ተከትሎ ወደ እርሻው ይመጣል፤ ገበሬውም አዝመራውን ከአሳማው ለማዳን በእርሻው መካከል በደካማ ጎጆ ያድራል፤ ሁለቱ እዚያ ይገናኛሉ። ብዙ ሰው የሞተውም በመኸር ወራት ነው። እዚህ ላይ ሊታሰብበት የሚገባው፥ ሰው እህሉን ለመጠበቅ በወጣበት ነፍሱን ማጣቱ ነው፤ እህሉን ያጠፋው አሳማ ግን ሰውየው ባይጠብቀውም በአጥር ወይም በቦይ ሊገታ ይችል ነበር።

ሁለተኛው ነገር የጨረቃ ነው፥ በ2011 ታተመ። መርማሪዎቹ ከ1988 እስከ 2009 ድረስ አንበሳ በሰው ላይ የጣላቸውን አደጋዎች፥ ቀናቸውና ሰዓታቸው የታወቀውን እየለዩ፥ ከጨረቃ ሌሊት ጋራ አስተያዩ። አስቀድሞ ሰው የሚፈራው ሙሉ ጨረቃን ነው፤ የብዙ አገር ተረትም አውሬን ከሙሉ ጨረቃ ጋራ ያዛምዳል። የተገኘው ግን ሌላ ነው። በሙሉ ጨረቃ ሌሊት አደጋው አነስተኛ ነው። የሚበዛው ሙሉ ጨረቃ ካለፈች በኋላ ባሉት ዐሥር ሌሊቶች ውስጥ ነው፤ በሰዓትም ከተባለ፥ ፀሐይ ከጠለቀችበት አንሥቶ እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ሊሆን ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ነው።

ምክንያቱም ከዚህ በላይ ከተነገረው ከጨረቃ አካሄድ ይገኛል። አንበሳ ተደብቆ፥ አድብቶ የሚያድን ነው እንጂ በሩጫ የሚያደክም አይደለም፤ ጨረቃ ስታበራ ሚዳቋውም ሰውየውም ያዩታል። በሴሬንጌቲና በንጎሮንጎሮ የአንበሶች የሆድ ሙላት በየጊዜው እየታየ ሲመዘገብ፥ ጨረቃዋ ብሩህ በሆነችበት ጊዜ ጥቂት እንደሚበሉ ታውቋል። እንግዲህ ሙሉዋ ጨረቃ አልፋ የመጀመሪያው የጨለማ ምሽት ሲመጣ አንበሳው ተርቦ ይጠብቃል። ሰው ደግሞ በዚያው ሰዓት ገና አልተኛም፤ ውኃ ይቀዳል፥ ከብት ያስገባል፥ ከጎረቤት ይመለሳል፥ ወደ ውጭ ይወጣል። ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ያለው ጨለማ ከዚህ ያነሰ አይደለም፥ ነገር ግን በዚያ ሰዓት ከቤት ውጭ የሚገኝ ሰው የለም። በአዲስ ጨረቃ ወራት ሌሊቱ በሙሉ ቢጨልምም አንበሳው በሌሎቹ የጨለማ ሌሊቶች ሲበላ ሰንብቷልና ረኃቡ ያን ያህል አይደለም።

አንበሳ በኢትዮጵያ በጋምቤላ፥ በኦሞ፥ በባሌ በሐረና ደን፥ በሌሎችም ስፍራዎች አለ። በእነዚህ አገሮች ያለ ሹም ከታንዛንያው የሚማረው ጥቂት አይደለም። አንበሳ የሌለበት ወረዳም ቢሆን ጅብና ነብር አያጣም።

የጅብ ነገር ግን በጨረቃ ብቻ አይፈታም፥ ስለ እርሱም አንድ የሚያስደንቅ ነገር በትግራይ ተገኝቷል። መርማሪዎች በዐቢይ ጾም አስቀድሞ፥ በጾሙ ውስጥና ከፋሲካ በኋላ የጅብን ኵስ ሰብስበው በውስጡ ያለውን የእንስሳ ጠጕር ለዩ፤ በ2012ም አሳተሙት። ከጾሙ በፊት የአህያ ጠጕር የተገኘበት ከመቶ 15 ያህል ሲሆን፥ በጾሙ ጊዜ ከመቶ 33 ደረሰ፥ ከፋሲካ በኋላም ወደ 22 ወረደ። እርድ ሲቀር ከየቤቱና ከየሉካንዳው የሚጣለው አጥንትና አንጀት ይቀራል፤ ጅቡም ወደ አህያው ይዞራል። የፋሲካ ቀን የሚወጣው ደግሞ በጨረቃ ሒሳብ ነው። እንግዲህ ጨረቃ በብርሃኗ ያላገኘችውን አህያ በባሕረ ሐሳብ በኩል አገኘችው ማለት ነው። ቀልዱ ይቅርና፥ ከዘወረደ እስከ ትንሣኤ ድረስ ባለው ጊዜ አህያን ከቤት ውጭ አስሮ ማሳደር ከሌላው ወራት ይልቅ የሚያስከፍል መሆኑን ገበሬው እንዲያውቅ ማድረግ ይገባል።

ከዚህ በኋላ የሚቀረው የጥበቃው ተራ ነው። በብዙ ስፍራ ማማ የሚጠበቀው ሌሊቱን ሙሉ በአንድ ሰው፥ ብዙ ጊዜም በአንድ ልጅ ነው፤ ልጁም እኩለ ሌሊት ሳይሆን ይተኛል፥ ቢተኛም አይፈረድበትም። ጨረቃን ተከትሎ ሰዓቱን ማካፈል ይሻላል። ጨረቃ ከተወለደች እስከ 14ኛው ሌሊት ምሽቱ ብርሃን አለው፥ ጨለማ የሚሆነው ጨረቃ ከገባች በኋላ ነው፤ ስለዚህ ልጆቹ አምሽተው ይተኙ፥ ጐልማሶቹ ከሌሊቱ አጋማሽ እስኪነጋ ይተኩ። ከ16ኛው እስከ 22ኛው ሌሊት ነገሩ ይገለበጣል፤ ጨለማው ያለው በምሽት ነው፥ ስለዚህ ብርቱው ሰው ጀምበር ከመጥለቋ አስቀድሞ እሳቱን አንድዶ በማማው ይገኝ፥ ልጅም ከቶ አይላክ። ከ23ኛው ጀምሮ እስከ አዲስ ጨረቃ ድረስ ሌሊቱ በአብዛኛው ጨለማ ስለ ሆነ ከአንድ ማማ ይልቅ በሁለት በሁለት ሆኖ እየተጣሩ መጠበቅ ያስፈልጋል። አንበሳ ባለበት አገር ማማው ከመሬት ከፍ ብሎ መሰላሉ የሚነሣ ይሁን፤ መሬት ላይ በተሠራ የሣር ጎጆ መተኛት ግን ለጠባቂውም ለሹሙም ዕዳ ነው።

የገበያ ቀንም እንዲሁ ነው። ገበያ ሩቅ በሆነበት አገር ሰው ሁሉ የሚመለሰው ዓይን ሲይዝ ነው። የገበያው ቀን ሙሉ ጨረቃ ካለፈች በኋላ ባለው ሳምንት ሲውል ጊዜው ቀደም ብሎ እንዲፈታ ማስነገር ለሹሙ ቀላል ነገር ነው፤ ከአንድ ዐዋጅ የበለጠ ወጪ የለውም።

የታንዛንያው መዝገብ ለዚህ ጥናት የበቃው በየወረዳው ያሉት የአራዊት ሹማምንት አደጋው የደረሰበትን ቀን እየጻፉ ስላስቀመጡ ነው። ስለዚህ አውሬ በሰው፥ በከብት ወይም በአዝመራ ላይ ጕዳት ሲያደርስ ከወረዳው በሚጻፈው ደብዳቤ ላይ አውሬ ጕዳት አደረሰ ብቻ ብሎ መተው አይበቃም። የአውሬው ዓይነት፥ ቀኑና ሰዓቱ፥ ጨረቃ ወጥታ የነበረች ወይም ያልነበረች እንደ ሆነ፥ የተጐዳው ሰው በቤት፥ በመንገድ ወይም በማማ የነበረ እንደ ሆነ፥ በአካባቢው የዱር አሳማ ያለ ወይም የሌለ እንደ ሆነ ተለይቶ ይጻፍ። ሰዓቱን በትክክል የሚያውቅ ባይገኝ፥ ጀምበር ከጠለቀች በኋላ እራት ከመበላቱ በፊት ወይም በኋላ ተብሎ ቢጻፍ ይበቃል።